ሁለት ለሁለት የቀረው ጨዋታ

አቶ ሀብተሥላሴ ልጃቸውን ዕንቁን ሊጠይቁ ለመጡ ሽማግሌዎች «እስቲ እንመካከርበት፤ ለአሁኑ አይሆንም» ያሉት በ2021 ጃንዋሪ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በላፕቶፕ ነበር። «ለመጡ» አልኩ እንጂ በእግራቸው አልመጡም። ኮሮናው ገና ሰው እየጣለ ነበር፣ አቶ ሀብተሥላሴም ስኳር አለባቸው። ስለዚህ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በየቤታቸው ካሜራ ፊት ተቀመጡ። አንደኛው ግንባራቸው ብቻ ነበር የሚታየው።

ወጉን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን ያራከሰ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ እምቢ ይባላል፣ ከዚያ አባት ሽማግሌዎቹን ሊሸኝ በር ድረስ ይወጣና ቀስ ብሎ «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በሉ» ይላል። ዋናው ቃል ያ የበሩ ቃል ነው። ቀጠሮ ያለው እምቢታ ግማሽ እሺታ ነው፤ ቀጠሮ የሌለው ግን እውነተኛ እምቢታ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ መሸኛ በር የለውም። አቶ ሀብተሥላሴ «ለአሁኑ አይሆንም» ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነፃው የቪዲዮ ጥሪ አርባ ደቂቃው ሞላና ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ተስፋሚካኤል «ቀጠሮ ካላቸው ይደውላሉ» ብለው ጠበቁ። አቶ ሀብተሥላሴም «ደጅ የሚጠናው ጠያቂ ነው፣ ከፈለጉ ይደውላሉ» ብለው ጠበቁ። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ የተከበረ ሰው ደግሞ ቀድሞ አይደውልም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በመካከሉ ጠያቂው ኪዳነወልድ ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ካለው የኤፔክስ መጋዘን ወደ ዊንቸስተር ሰፈር ክፍሉ ሲመላለስ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጠበበ።

ኪዳነወልድ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በዲቪ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ኦቨርታይም ሲገኝ አያሳልፍም፣ አፓርትመንቱን ከሥራ ጓደኛው ከፈድሉ ጋር ይጋራል። ዕንቁ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ናት፤ ወላጆቿ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ባለ ፎቅ ቤት አላቸው። አባቷ በሰማንያዎቹ በስደት መጥተው ሃያ ስምንት ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያደሉ ሰው ናቸው። ኪዳነወልድንና ዕንቁን መጀመሪያ ያገናኛቸው ፍቅር ነው ብል እዋሻለሁ። ያገናኛቸው ክሪኬት ነው።

በ2020 ጸደይ፣ ካዚኖዎቹ በተዘጉ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ለአረጋውያን አስቤዛ እንዲያደርሱ አደረገ። ለኪዳነወልድ የእነ አቶ ሀብተሥላሴ ቤት ደረሰው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ካርቶኑን በር ላይ አስቀምጦ ሊሄድ ሲል ሰውየውን ጋራዡን ከፍተው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ሥራ የለ፣ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ የለ፣ የሚያናግሩት ሰው የለ። ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች የኳስና የዱላ ጨዋታ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። አላውቅም ሲላቸው ፊታቸው በራ።

አቶ ሀብተሥላሴ በስደት ናይሮቢ ሳሉ የሕንዶች ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው ነበር። ባለሱቆቹ እሑድ እሑድ ክሪኬት ሲጫወቱ ነጥብ መዝጋቢው እሳቸው ነበሩ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ያወራላቸውን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ኖሩ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በፈረንጅ 1894 ማብቂያ ላይ፣ እንግሊዞች በመርከብ አውስትራሊያ ድረስ ሄደው አምስት ግጥሚያ አደረጉ። እሳቸውም በየቅዳሜው አንዱን ግጥሚያ ሊያወሩለት ወሰኑ፤ እሱ ከጋራዡ ፊት ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው።

የመጀመሪያው ሲድኒ ላይ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታሉ። አውስትራሊያ አምስት መቶ ሰማንያ ስድስት ነጥብ ሰበሰበች፤ እንግሊዝ ግማሹን እምብዛም ሳታልፍ ቀረች። ይህን ያህል የተበለጠ ቡድን በጨዋታው ሕግ ፋታ ሳያገኝ ወዲያው ድገም ይባላል። ደገመች፣ በሁለተኛውም ጥርሷን ነክሳ መታች። እንዲያም ሆኖ አውስትራሊያ ለማሸነፍ የሚያስፈልጋት መቶ ሰባ ሰባት ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ማብቂያ ስልሳ አራት ቀራት፣ አብዛኞቹ መቺዎቿም ገና ከጨዋታ አልወጡም። ከእንግሊዝ ኳስ ወርዋሪዎች አንዱ አበቃልን ብሎ ሲጠጣ አመሸ ይባላል። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ፣ ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ ኳሷ ከጭቃው ላይ ወዴት እንደምትነሣ የሚያውቅ ጠፋ። እንግሊዝ በአሥር ነጥብ አሸነፈች።

«በአሥር» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፣ ጣቶቻቸውን ሁሉ ዘርግተው። ኪዳነወልድ ሳያስበው የአስቤዛው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከእንቁላሉ የተረፈው አራት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሜልበርን ላይ ሰባ አምስት ነጥብ ብቻ አግኝታ የወደቀችው እንግሊዝ ተነሥታ እንደገና አሸነፈች። በሦስተኛው የአዴሌድ ሙቀት እንግሊዞቹን ጨረሳቸው፤ አቶ ሀብተሥላሴ «የቬጋስ ሐምሌ በለው» አሉት። በአራተኛው ሲድኒ ላይ አውስትራሊያ አደቀቀቻቸው። ሁለት ለሁለት ሆኑ። ሕዝቡ አምስተኛውን እንዴት እንደጠበቀ ሲያወሩ ሰውየው ራሳቸው ሥራ መፍታታቸውን ረስተው ነበር፤ በቴሌግራም ሽቦ ወሬው ባሕር እየተሻገረ ለንደን ይደርስ ነበር፣ ንግሥቲቱ ሳትቀር ውጤቱን ትጠይቅ ነበር ይባላል። ኪዳነወልድም በእውነት ያደንቃቸው ጀመር። የመቶ ሃያ ስድስት ዓመት ጨዋታ ሲያወሩ ትናንት ሜዳው ዳር የነበሩ ይመስሉ ነበር።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። ከጋራዡ በላይ መስኮት ነበረ። በመስኮቱ ዕንቁ ከፋርማሲ ሺፍቷ በፊት ቆማ ታዳምጥ ነበር። መጀመሪያ አባቷ ሲስቁ መስማት ናፍቋት ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ልጁ የሚያዳምጥበትን ሁኔታ አየች፤ ሰው ሲያወራ የሚያቋርጥ አልነበረም። በሦስተኛው ዓይን ለዓይን ተጋጩ፣ እሷ ቀድማ መሸሽ ሲገባት አልሸሸችም። በአምስተኛው ቅዳሜ አቶ ሀብተሥላሴ ወሬውን ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የልጁ ዓይን ሽቅብ ሄደ። ዘወር ብለው ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩ። ፈገግ ብላ ነበር።

«የዛሬው ይቅር፣ ሞቀኝ» ብለው የጋራዡን በር አወረዱት። አምስተኛው ጨዋታ ሳይወራ ቀረ። ኪዳነወልድ በተዘጋው በር ፊት ቆሞ ሲቀር፣ ከመስኮቱ ያገኘው ደስታና ከበሩ ያገኘው እፍረት ተደባለቁበት።

ከሰባት ወር በላይ በድብቅ ተዋደዱ፤ በመኪና መስኮት፣ በፓርክ አግዳሚ፣ ሁለት ሜትር ርቀው። ከዚያ ነው ያ ያልታደለ የላፕቶፕ ሽምግልና የመጣው። ከእሱም በኋላ ኪዳነወልድ ስልክ ማንሳት እየቀነሰ ሄደ፣ ዕንቁም ሰለቸሁት ብላ ከፋት።

በፌብሩዋሪ አንድ ረቡዕ ፈድሉ መኪናውን ወደ ፋርማሲው መስኮት አስጠግቶ የደም ግፊት መድኃኒቱን ተቀበለ። ከዚያ በመስኮቱ የታጠፈ ወረቀት አስገባላት። «ስጣት ብሎኝ ነው። እኔ ተው ብዬው ነበር» አለና ነዳ። ዕንቁ ከኋላ የተሰለፉትን አምስት መኪናዎች ረስታ ወረቀቱን ገለጠችው። አማርኛ ማንበብ ፊደል በፊደል ነው የምትችለው። «ሰኞ ኦሃዮ እሄዳለሁ» የሚለውን ለማንበብ ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ወጣ።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ማስኳን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ለምን ኖ አልክ?»

አቶ ሀብተሥላሴ ግራ ገባቸው። እምቢ እንዳላሉ፣ ወጉ የሚለውን ብቻ እንዳሉ፣ ተመልሰው ያልመጡት እነሱ እንደሆኑ አስረዷት። «በአንድ እምቢታ የሚቀር ሰው ድሮም አልፈለገሽም» አሉ። ቀድሞውንም ትናንት የመጣ የዲቪ ልጅ ልቡ የት እንደሚያርፍ እንደማይታወቅ ጨመሩበት። ይህን ሲሉ ግን ልጃቸውን አላዩዋትም።

ዕንቁ ወረቀቱን አውጥታ ማንበብ ጀመረች፤ እየተደናቀፈች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየደገመች። እናቷ ወይዘሮ ገንዘቤም ድምፅ ሰምተው ከውስጥ መጡ።

«ዕንቁዬ፣ ሰኞ ኦሃዮ እሄዳለሁ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ መጋዘን ከፍቷል፣ ትራንስፈር ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ጋሼ ያለ ቀጠሮ እምቢ ብለዋል፤ ትርጉሙን አንቺ ባታውቂ እኔ አውቀዋለሁ። አልፈርድባቸውም። እኔም አንቺን የመሰለች ልጅ ብትኖረኝ ለፎርክሊፍት ነጂ ቶሎ አልሰጥም። አንቺን ከአባትሽ መለየት ግን አልችልም፤ ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። አምስተኛውን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ስልኬ ላይ ልፈልገው ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከእሳቸው አፍ ካልሆነ መስማት አልፈልግም።»

አቶ ሀብተሥላሴ የመጨረሻውን እንድትደግምላቸው ጠየቁ። ደገመችላቸው።

«ስምንት ወር» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «አንድ ጊዜ ጠቅ ቢያደርግ ያገኘው ነበር እኮ።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፣ ብዙ ጠረጉት። ዕንቁ አባቷ ሰውን ሲያደንቁ እንዲህ ዝም እንደሚሉ የምታውቀው ከልጅነቷ ነው። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታቸውን ወደደችው።

ይሁን እንጂ ደውል ብትላቸው ሞቼ እገኛለሁ አሉ። የሴት ወገን ደጅ አይጠናም። ወይዘሮ ገንዘቤ ይህን ሰምተው ወደ ጓዳ ገቡና ለአቶ ተስፋሚካኤል ደወሉ። ስለ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ክትባት ወረፋ ጠየቁ፣ በመጨረሻ «ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነን» ብለው ዘጉት። ቀጠሮ ማለት ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም።

በማግስቱ ዕንቁ ኤፔክስ ድረስ ነድታ መጋዘኑ በር ላይ ፓርክ አደረገች። ሺፍት ወጥቶ ሠራተኛው ወደየመኪናው ሲበተን ኪዳነወልድን በአካሄዱ ለየችው። እሱ ሲያያት ቆመ። ከጎኑ የነበረው ፈድሉ አስፋልቱ ላይ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ እያየ ራቀ።

«ማን ፈቀደልህ ለእኔ ዲሳይድ እንድታደርግ?» አለችው።

«ከአባትሽ ልለይሽ አልፈለግሁም።»

«የምለየው እኔ ነኝ፣ የማልለየውም እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም። ሌተር ጽፈህ ለፈድሉ ሰጠህ። እኔ ጋ መጥተህ ፊቴን እያየህ ማለት አቃተህ?»

«አዎ፣ አቃተኝ» አላት። «ፊትሽን እያየሁ ብናገር አልሄድም ነበር።»

ዕንቁ ልትናገር ያዘጋጀችው ቁጣ ብዙ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስትለማመደው ነው የመጣችው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን አንዱም አልወጣ አላት። ስለ ተቋረጠው ጥሪ፣ አባቷና አቶ ተስፋሚካኤል ተጠባብቀው ስለ መቅረታቸው፣ ስለ ቅዳሜው ነገረችው። ኪዳነወልድ የብረት ጫፍ ባለው ጫማው አስፋልቱን እየቆረቆረ አዳመጠ። ስትጨርስ ትራንስፈሩን ነገ ጠዋት እሰርዛለሁ አለ።

«ቅዳሜም እምቢ ካሉስ?» ብላ ጠየቀችው።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ከዚያም በሚቀጥለው። አልሄድም ዕንቁ።»

እጇን ዘረጋች። ከአንድ ዓመት ገደማ ጥንቃቄ በኋላ በሁለት ጣቱ ብቻ ያዛት፤ ለሁለቱም ከበቂ በላይ ነበር።

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች ማስክ አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ኢንተርፕራይዝ ባለው ቤት ደጅ ላይ ተርታ ቆሙ። አቶ ሀብተሥላሴና ባለቤታቸው በረንዳው ላይ ናቸው። አራት ወንበር ወጥቷል፣ ግን የመጡበት እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። አቶ ተስፋሚካኤል ከነበረባቸው የጉልበት ሕመም ጋር ቀጥ ብለው ቆመው ጥያቄያቸውን በወጉ አቀረቡ። ስላለፈው ጥሪ ማንም አላነሣም፤ ሁሉም አፍረውበታል። ኪዳነወልድ መንገዱ ጥግ መኪናው ውስጥ ነበር፣ ተጠያቂ ቤት ጠያቂው ልጅ አይታይምና።

አቶ ሀብተሥላሴ ግን ልጁን ጥሩልኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጣ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አምስተኛው ሜልበርን ላይ ነው» አሉት አቶ ሀብተሥላሴ።

ሁለት ለሁለት ናቸው፣ ይህ ያለቀለት ነው። እንግሊዝ ለማሸነፍ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ያስፈልጋታል። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ገና ሃያ ስምንት ላይ ሁለት መቺ ከጨዋታ ወጣባት፣ አንደኛው አለቃቸው። ቀጣዩ መቺ ሲገባ ሁሉ ተስፋ ቆርጧል። እሱ ግን ያገኛትን ኳስ ሁሉ ይመታት ጀመር፤ በሃያ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ፣ በመጨረሻ መቶ አርባ። እንግሊዝ ጨዋታውንም ውድድሩንም ወሰደች። ኪዳነወልድ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር፣ ቦታውንም የመጣበትንም ረስቶ።

«ሰው የሚያወራው ስለ መቶ አርባው ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «እኔ የምወደው ግን በዚያኛው ጫፍ የቆመውን ነው። ከመጀመሪያ ጀምሮ ነበረ። ዘጠና ሦስት አገባ፣ ቀስ እያለ። እሱ ባይቆም ያኛው ብቻውን የትም አይደርስም ነበር።» ዓይናቸውን ልጁ ላይ ጣሉ። «አንተ ስምንት ወር ቆምክ። ቆመህ የምትጠብቅ መሆንህን እኔ አላወቅሁም ነበር።»

ዕንቁ በሩ ላይ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። ሁሉም የመጨረሻዋን ቃል ጠበቀ። አቶ ሀብተሥላሴ ግን ቃሉን አልሰጡም። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«ልጅ የምሰጠው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቷም ናት። እኔ ደግሞ እናቷን ያለ ሽማግሌ የወሰድሁ ሰው ነኝ። ናይሮቢ፣ በስደት፣ የሚቆምልኝ ዘመድ አልነበረኝም። የገንዘቤ አባት ደሴ ነበሩ። ሳልጠይቃቸው ሞቱ። እናንተን ደጄ ላይ ቆማችሁ ማየት የፈለግሁት ለወግ ብቻ አልነበረም። እንዴት እንደሚደረግ ማየት ፈልጌ ነው።»

ከበረንዳው በዝግታ ወረዱ። ደጁን አቋርጠው ከአቶ ተስፋሚካኤል ጎን፣ ሁለት ሜትር ርቀው፣ ተርታውን ያዙ። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው መለሱ።

«እኔንም ጨምራችሁ ጠይቁልኝ» አሉ።

አቶ ተስፋሚካኤል በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሟቸው አያውቅም፣ ቢሆንም ቃል አላጡም። «እንግዲህ እትዬ ገንዘቤ፣ የመጣነው ስለ ሁለት ወንድ ልጆቻችን ነው» አሉ።

ወይዘሮ ገንዘቤ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሰው አዩ፤ ፀሐይ ላይ፣ ባዶ ራሳቸውን፣ እንደ ጎረምሳ እጃቸውን የሚያኖሩበት አጥተው። ቀጥሎ ልጁን አዩ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ተቀመጡ» አሉ። «ሁላችሁም ተቀመጡ። አንተም ሀብቴ።»

ወንበሩ አራት ነበር። አራቱ አዛውንቶች ሲቀመጡ ኪዳነወልድ ቆሞ ቀረ፤ ዕንቁ ከበሩ ወጥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ሄዳ ከጎኑ ቆመች።